ገብሱ የእኛ፣ ኳሱ የግራዝማች

ግራዝማችን እስከ ዛሬ በአንቱታ የምጠራቸው ስለማከብራቸው አይደለም፤ አፌ ለምዶ ነው። በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ ላይ ያደገ ሰው የሚሰድበውን ሰው እንኳ «እርስዎ» ብሎ ነው የሚሰድበው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እሳቸውን በልቤ የሰደብኳቸው በዚሁ ደንብ ነው።

የምጽፈው ስለ እግር ኳስ ነው። በረኛ ነበርኩ። በሥራ ቀን ግን ከአውራጃው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ድጓ ልማር ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ደብር ገብቼ፣ ዜማው ከጉሮሮዬ አልወጣ ሲል ጥዬው ወጥቼ፣ በብዕር የማድር ሰው ሆኛለሁ። አንዱ ድንበሬን ገፉብኝ ይላል፣ አንዱ በሬዬን ነዱብኝ ይላል፣ አንዱ ሚስቴን አስኮበለሉብኝ ይላል፤ እኔ እጽፋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሌላውን ሰው በደል ስጽፍ እሰነብትና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መካከል እቆማለሁ። በዚህ ዓለም የእኔ ነው ብዬ የጠበቅኩት ነገር ያ ብቻ ነበር። ርስት የለኝ፣ ከብት የለኝ። ያንን የነካብኝን ሰው ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ የምንጫወተው በጨርቅ ኳስ ነበር። የቆዳ ኳስ እንግዛ የተባለው አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ ገብሱ ገና ከአውድማ ሳይነሳ ነው። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው ሰው እምብዛም ስለሆነ፣ ነገሩ እንደ ጽዋ ማኅበር ይሁን ተባለ። ሁሉም ከአውድማው አንድ ቁና ገብስ ይስጥ፣ ገብሱ ይሸጥ፣ በሽያጩ ኳስ ይምጣ። ገበሬው ሳያንገራግር ሰጠ። ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ ሽማግሌ ሳይቀር «ልጆቹ ይጫወቱ» እያለ ሰጠ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ገብሷ ቁናውን አልሞላ ሲላት አናቱን በባቄላ ሞልታ ሰጠች። እኔ አውድማ ስለሌለኝ ቁናዬን ከገበያ ገዝቼ ሰጠሁ። እህሉን ደሴ ድረስ ጭኖ የሚሸጥ የጭነት በቅሎ ያለው ሰው ደግሞ ግራዝማች ብቻ ነበሩ። ጫኑ፣ ሸጡ፣ ኳሱን አመጡ።

የተሳሳትነው ያኔ ነው። ኳሱ ከተማችን የገባው በግራዝማች በቅሎ ላይ ተጭኖ ነው። እኛ አገር ደግሞ አንድ ዕቃ በማን በቅሎ መጣ ነው የሚባለው እንጂ በማን ገብስ ተገዛ የሚል የለም። ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ «ግራዝማች ኳስ አመጡልን!» አለ። ሴቱ እልል አለ። «ኳሳችን መጣ» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም፤ እኔም አላልኩም። ዕለቱን የማኅበሩ ሙሴ ይሁኑልን ተባሉ። የማኅበር አለቃ በእኛ ዘንድ ሙሴ ነው የሚባለው። ተመረቁ፣ መረቁን፣ ኳሱን በአቁማዳ አስይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ኳሱ ከሳቸው ቤት ሌላ አድሮ አያውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ለማሊያ ያስፈልጋል፣ ለኳሱ የውስጥ ጎማ፣ ለከመነዳሪው፣ ያስፈልጋል፣ አገር አቋርጦ ለሚሄደው ቡድን ስንቅ ያስፈልጋል እየተባለ ገብሱ በየዓመቱ ይሰጥ ጀመር። የሚገባው ግራዝማች ጎተራ ነው። ማሊያ ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከአቡጀዲ የተሰፋ፣ ብብቱ የሚጠብ፣ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ የሚተረተር። ለበረኛ እንዲህ ያለ ልብስ ማሰፋት ምን ማለት ነው? አገር አቋርጠንም አናውቅ። ታዲያ የቀረው ገብስ የት ገባ?

የት እንደገባ ያሳየኝ አጥቂያችን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነበር፤ የልብ ወዳጄ። በግራ እግሩ የመታው ኳስ እጅ ያቃጥላል። አንድ ሰኔ ዘር አልቆበት እንደ ብዙው ሰው ከግራዝማች ደጅ ሄዶ ተበደረ፤ በመኸር ከነወለዱ ሊመልስ። ዘሩን ተሸክሞ ሲያልፍ ካለሁበት አጥር ሥር ቆመና መዳፉን ዘረጋልኝ። ከገብሱ መካከል የለቀማቸው ባቄላዎች ናቸው።

«አወቅኻት?» አለኝ።

አወቅኋት። የማኅበሩን ቁና በባቄላ የምትሞላ ሴት በአገሩ ያለችው አንዲት ናት። ሰው ጥር ላይ ሰፍሮ የሰጠውን ገብስ ሰኔ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» ብሎ፣ በወለድ ይወስድ ኖሯል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የእኛዋ ላም የታሰረችው ግራዝማች ጓሮ ነበር፤ ወተቷንም እናይ ነበር፤ እየተሸጠልን።

«ተናገር እንጂ!» አልኩት።

«ከዘራሁ በኋላ» አለኝ። ባቄላዎቹን ኪሱ ከተታቸው።

የእሑዱ ትርኢት ደግሞ ሌላ ነው። ግራዝማች ከቅዳሴ መልስ ወንበራቸውን አሸክመው፣ ጃንጥላ አስይዘው ሜዳው ዳር ይሰየማሉ። የሚሰለፈውን የሚመርጡ እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር፤ ሳይሰለፍ የቀረበት እሑድ ግን የለም። ቢያመውም ይሰለፋል። ከሁሉ የሚያበግነኝ ለቆዳው የነበራቸው ርኅራኄ ነው። አጥቂያችን ከሩቅ ሊመታ እግሩን ወደ ኋላ ሲሰበስብ ከወንበራቸው ብድግ ይሉና «ቀስ! ቀስ በለው! ቆዳ እኮ ነው!» ይላሉ። ያ ምስኪን ግራ ይጋባና ኳሱን እንደ እንቁላል ነካ አድርጎ ይተወዋል። ዝናብ ካካፋ ጨዋታው ይቆማል፤ ኳሱ አቁማዳ ይገባል። ተመልካቹ ያጉረመርማል፣ እሳቸው ጃንጥላቸውን አስይዘው ይሄዳሉ።

ከስማዳ የወገዳ ልጆች የመጡ ዕለት የሆነውን ግን ለማያውቅ ሰው ስነግረው አያምነኝም። እኩል ለእኩል ነን፤ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። አንድ የወገዳ ልጅ ተከላካዮቻችንን አልፎ ብቻውን ወደ እኔ መጣ። ኳሱን ረዘም አድርጎ ገፋው፤ እኔም ልደርስበት ወጣሁ። ከምጠብቀው በር ጀርባ ያለው አጥር እሾህ ነው። ግራዝማች ኳሱ ወደ እሾሁ ሲገሰግስ አዩና ከወንበራቸው ተነሥተው በሙሉ ድምፃቸው፦

«በሕግ አምላክ! ኳሴን!» አሉ።

እኛ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ ዱላ ያነሳ እጅም ቢሆን አየር ላይ ይቀራል። የሚጣላ ይቆማል፣ የሚሮጥ ሌባ እንኳ ይቆማል። ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነገር ነው። ቆምን። የወገዳው ልጅ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ፤ ተከላካዮቻችን ቆሙ፤ እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ኳሱ በአጠገቤ ሲያልፍ እያየሁት ቆምኩ። ነፋሱ ግን የንፋስ መውጫ ነፋስ ነው፤ ማንንም አይሰማም። ኳሱን ቀስ እያለ፣ እየተንከባለለ፣ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አስገባው።

ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። እኛ ጨዋታው በሕግ ቆሟል አልን። የወገዳ ደጋፊዎች «የቆማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ኳሱ መቼ ቆመ?» አሉ። የሚያጫውተው የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣ። ጥቂት አሰበና ግብ ነው አለ። ግራዝማች ኳሱ ደኅና መሆኑን ካዩ በኋላ ተቀመጡ። የተሸነፍነው በባለቤታችን ጩኸት መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በፊት ለፊት ማለቴ ነው። ከጀርባማ ማን ዝም ብሎ! በየጠላ ቤቱ ሌላ ወሬ ጠፋ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ጠጪ አልነበረም። የሚቀጥለው እሑድ፣ ከተመልካቹ መካከል ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ፣ እንዲህ የሚል ግጥም በጭብጨባ ተነሣ፦

ኳሱን ከቆጥ ሰቅሎ፣ ገብሱን ከጎተራ፣
ግራዝማች ተጫወት አንተው በየተራ።

ግራዝማች ዞር ብለው ሲያዩ ሁሉም ሰው አፉን ዘግቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ጭብጨባው ብቻ ከወዲያ ጥግ ጥቂት ቀጥሎ ጠፋ። እኔ በቋሚዎቼ መካከል ሆኜ ደስ አለኝ። ይህ ሕዝብ አንድ ቀን ይቆማል አልኩ በልቤ።

ቀኑ የመጣ የመሰለኝ እስቴዎች የላኩብን ጊዜ ነው። ከፋሲካ በኋላ መካነ ኢየሱስ መጥታችሁ ግጠሙን አሉ። የሁለት ቀን መንገድ ነው። ከሜዳችን ወጥተን ተጫውተን ስለማናውቅ አጥቂያችን እንቅልፍ አጣ። «የሰው አገር ሜዳ ላይ ቀስ በል የሚለኝ የለም» ይል ነበር። ስንቅ ያስፈልገናል፤ የበሶ ገብስ ደግሞ የማኅበሩ ጎተራ ውስጥ አለ፤ ለዚሁ ነው የሰጠነው። ሄደን ጠየቅናቸው። ግራዝማች እንዲህ በቀላሉ «እሺ» ይላሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እሺ አሉ።

በሳምንቱ ኳሱ ጠፋ ተባለ።

ግንቦት ነበር። የዘር ጊዜ ደርሷል፤ ገብስ ተወዷል፤ ጎተራ ያለው ሰው በዚያ ሰሞን የሚፈልገው ተበዳሪ እንጂ የስንቅ ጠያቂ አይደለም። ይህን ለመረዳት ድጓ መማር አያስፈልግም። ደግሞ ጠላ ያቀለለው የግራዝማች አሽከር፣ ኳሱ ከጌታው ቆጥ ላይ በጆንያ ተሸፍኖ መቀመጡን ለሁለት ሰው ተናግሮ፣ ሁለቱ ለከተማው አዳርሰውታል። ግራዝማች ግን ይህን አላወቁም። ዓይናቸውን በጨው አጥበው አጥቢያ ዳኛው ዘንድ ሄዱና ሌባው እንዲወጣ አፈርሳታ ይጠራልኝ አሉ።

አፈርሳታ ላላየው ሰው እንዲህ ነው። ዕቃ ጠፍቶ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአጥቢያው ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ ይምላል፤ የሚያውቀው ካለ በሹክሹክታ ይነግራቸዋል። የነገረው ሰው አይጠራም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚሉት። ጠላትነት እንዳይመጣ ነው። የተሰበሰብነውም ያው ከኳስ ሜዳችን ላይ ነው። በቡድኑ ዕድሜ ያን ያህል ሰው ወጥቶልን አያውቅም። ግራዝማች ወንበራቸውን አስቀመጡ፣ ጃንጥላው ተዘረጋ፣ እኛ ሣሩ ላይ ተቀመጥን።

ከተመረጡት ሽማግሎች አንዱ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ቤተ ልሔም ሳለሁ ድጓ ያስጀመሩኝ መምህሬ። ተራዬ ሲደርስ ቀርቤ ማልኩ።

«ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ልጄ?»

«የኔታ፣ ኳሱ ግራዝማች ቆጥ ላይ ነው።»

ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። «ሂድ ተቀመጥ» አሉኝ። አጥቂያችን ከእኔ ቀጥሎ ቀረበ፤ አጎንብሶ አንሾካሾከ፤ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና ጠቀሰኝ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች፣ ዞረች። በመጨረሻ ሽማግሎቹ ተማከሩና መሪጌታ ተነሡ።

«እኛ እንዲህ ያለ አፈርሳታ አይተን አናውቅም» አሉ። «ወፉ ሁሉ አንድ ዛፍ ላይ ነው ያረፈው። ኳሱ ያለው፣ ግራዝማች፣ ከእርስዎ ቤት ነው ይላል።»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅም አይደለም፣ ጩኸትም አይደለም። እኔ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አንድ ሰው ሳይቀር ተናግሯል! የአጥቂያችንን ጉልበት ጨበጥኩት። እስቴ የገባን ያህል ተሰማኝ።

ግራዝማች ግን ቅንድባቸው አልተነቃነቀም። አሽከራቸውን በዓይናቸው ጠሩት፤ ሮጦ ሄደ፤ አቁማዳውን ይዞ ተመለሰ። ኳሱን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«አሽከሬ ቆጥ ላይ ማስቀመጡን ሳይነግረኝ ቀርቶ ነው። እንኳን ተገኘ» አሉ። «ሌባ የምትሉኝ ግን ወዴት ነው? የራሱን ዕቃ የሚሰርቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ኳሱ የማኅበሩ ነው እየተባለ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ማን ነው ያለው?»

«ወፍ።»

«ወፍ ገብስ ትበላለች እንጂ ገብስ ሰጠሁ አትልም። ሰጠሁ የሚል ሰው ካለ ይቁምና ልየው።»

ደንቡ ከግራዝማች ጋር ነበር። ሌባ በወፍ ይወጣል፤ የእኔ ነው ባይ ግን በአደባባይ፣ በገዛ አፉ ነው መናገር ያለበት። «በሉ» አሉን መሪጌታ፤ «ይህ ኳስ በገብሴ ተገዝቷል የሚል ይነሣና ይቁም። የቆመው ከበዛ ኳሱ የማኅበሩ ነው ብለን እንፈርዳለን።»

ብድግ አልኩ። ሌላው የሚነሣ መስሎኝ ዙሪያዬን አላየሁም ነበር፤ ግራዝማችን ነበር የማየው፤ ፊታቸው ሲለወጥ ለማየት። አልተለወጠም። ያኔ ዞር አልኩ።

ሕዝቡ እንደተቀመጠ ነው። ያ ሁሉ አጨብጫቢ፣ ያ ሁሉ ድር ቢያብር ባይ፣ አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ዱላውን ይገለብጣል፣ አንዱ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። የእኛ ተጫዋቾች ተቀምጠዋል። አጥቂያችን ከእግሬ ሥር ሣር ይነጫል።

«ተነሣ» አልኩት በሹክሹክታ።

ሣሩን ነጨ።

«ባቄላዎቹስ? ተነሣ እንጂ አንተ ሰው!»

ቀና ብሎ አላየኝም። በዚያች ቅጽበት ከግራዝማች ይልቅ እሱን ጠላሁት፤ የምሸሽገው ነገር አይደለም። ጆሮ ስር ሲሆን ጀግና፣ አደባባይ ሲሆን ድንጋይ! ይኼን ሕዝብ ነው ድር ያልኩት? ቆሜ ቀረሁ፤ መቀመጥም አፈርኩ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አንድ ሰው ማኅበር አይባልም። ተቀመጥ።»

አልተቀመጥኩም። ግራዝማች ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። ኳሱን ከጉልበታቸው አንሥተው ወደ እኔ ለቀቁት፤ በሣሩ ላይ ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ።

«ለቆመው ይሁንለት» አሉ። «ኳሱን መርቄልሃለሁ፣ ጸሐፊው። ሜዳው ግን የአባቴ ርስት ነው። ለእናንተ ብዬ ስንት ዓመት ሣር አበቀልኩበት፤ ዘንድሮ ገብስ ይብቀልበት።»

ሕዝቡ እየተነሣ፣ ልብሱን እያራገፈ ወደ ቤቱ ሄደ። ኳሱን አንሥቼ ስሄድ ቆዳው ገና የጭስ ሽታ ነበረው።

ግራዝማች ያሉትን አደረጉ። በሳምንቱ ጠላ አስጠምቀው፣ ሜዳው ዳር ዳስ አስጥለው ደቦ ጠሩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሆኜ በሬው ሞፈር እየጎተተ ወደ ሜዳው ሲወርድ አየሁ። አጣጥፌ የያዝኩትን የአንድ ሰው ማመልከቻ ጥዬ ቤቴ ሮጥኩ፤ ኳሱን አንሥቼ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ጥማዱ ከአንዱ ዳር ጀምሮ መሐል ሜዳ ደርሷል። አራሾቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ተከላካያችን አለ። ክንፍ የሚጫወተው አለ። ግጥሙን በጭብጨባ ያነሡት አሉ። አጥቂያችን ከፊት ነው፤ እርፉን በግራ እጁ ይዟል። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ለካ ለበሬ ብቻ አይደለም።

ከፊታቸው ገብቼ ቆምኩና ጮኽኩ።

«በሕግ አምላክ!»

ቆሙ። ደንብ ነውና ሁሉም ቆሙ። ጅራፉ ወረደ፣ በሬው ተነፈሰ። ግራዝማች ሳይቀሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ነፋሱ ብቻ ይነፍስ ነበር።

«ቆመናል» አሉ ግራዝማች። «አቤቱታህን ተናገር።»

ስንት ዓመት የሰው አቤቱታ ጽፌ! የራሴ ሲደርስ አንድ ቃል አልወጣልኝም። ሜዳው የእኔ ነው አልል፤ አይደለም። ገብሱ የእኛ ነው ብል የእኛ የሚል ሰው የለም። በክንዴ ሥር ኳስ ይዤ፣ በሬዎቹ ፊት ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ግራዝማች ተቀመጡ። የአንዱ ጅራፍ ጮኸ፤ ጥማዱ በግራና በቀኜ አልፎኝ ሄደ።

አጥቂያችን አጠገቤ ሲደርስ በሬዎቹን አዘገየ።

«ተናደድክብኝ» አለ።

«አልናደድ? ሁላችሁ ተናግራችሁ ሁላችሁ ተቀመጣችሁ!»

«አንተ የምትዘራው የለህም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «መቆም ላንተ ምን አለው? ቆመህ ትሄዳለህ። እኔ የቆምኩ እንደሆን ክረምቱን ልጆቼ ምን ይበላሉ? ሰኔ ነገ ነው።»

መልስ ነበረኝ። ሁላችሁ ብትቆሙ ኖሮ ጎተራው ራሱ የእናንተ ነበር ልለው ነበር፤ ዛሬም እለዋለሁ። በሬዎቹን ነድቶ አለፈ።

ሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማየቴን ቀጠልኩ። ለምን እንዳልሄድኩ አላውቅም። ከቀትር በኋላ ጥማዱ ወደ እኔ በር ደረሰ። ሁለቱ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ገና አልተነቀሉም። አጥቂያችን ከፊት ነበር፤ ከቋሚዎቹ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው እርፉን ብድግ አድርጎ ማረሻውን ከመሬት አወጣና በሬዎቹን አዞረ። ከኋላው የመጣው ተከላካያችንም እዚያው ላይ ሲደርስ ብድግ አደረገና ዞረ። ክንፉም። ስመላለስበት ሣሩ የሞተበት፣ ተረከዜ ያጎደጎደው የበሩ አፍ ሳይነካ ቀረ። ግራዝማች ከወዲያ ዳር «ያቺን ምን ሆናችሁ ተዋችኋት?» ሲሉ አንዱ «ድንጋይ ናት ጌታዬ፣ ማረሻ ትሰብራለች» አላቸው። ድንጋይ አልነበረችም። ያቺን መሬት ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም፤ ስንት ጊዜ ወድቄባታለሁ።

ሰው ይህን ስነግረው ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ «አየህ፣ ልባቸው ካንተ ጋር ነበር» ይለኛል። እኔን ግን ያን ዕለት ከእርሻው ሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ያቺ ቁራጭ ናት። ሜዳ የሌለው በር ምን ያደርግልኛል? ልባቸው ከእኔ ጋር መሆኑንማ በወፉ ነግረውኛል። የጎደለኝ ልባቸው አልነበረም።

ለጠላው ዕረፍት ሆነና አራሾቹ ወደ ግራዝማች ዳስ ወጡ። አጥቂያችን አልወጣም። በሬዎቹን አቁሞ፣ በታረሰው አፈር ላይ እየተደናቀፈ ወደ እኔ መጣ። ጭቃ የያዘ እጁን በቁምጣው ጠረገ።

«ቁም» አለኝ፤ ወደ ቋሚዎቹ በአገጩ እያመለከተ። «አንዴ ልምታብህ። ቀስ በል የሚለኝ የለም።»

ተነሣሁ። ኳሱን ወደ እሱ ወረወርኩለትና ባልታረሰችው ቁራጭ ላይ፣ በቋሚዎቹ መካከል ቆምኩ። ኳሱን ከትልሙ ጫፍ ላይ አስቀመጠው፤ ሁለት ጊዜ ተንከባሎ ፈሩ ውስጥ ገባበት፤ ሁለቴም አውጥቶ አስቀመጠው። ወደ ኋላ ሄደ። ዳሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዋንጫቸውን እንደያዙ ወደ እኛ ዞረው ነበር። መጣና በግራ እግሩ፣ ለእስቴ ያስቀመጠውን ጉልበት ሁሉ ሰብስቦ መታው።

ያዝኩት። እጄን እስከ ክርኔ አቃጠለኝ።

ከዳሱ በኩል ጭብጨባ ተነሣ። አጥቂያችን ላቡን በክንዱ እየጠረገ ሳቀ፤ እጁን ዘርግቶ «አምጣ፣ ልድገምህ» አለኝ።

ኳሱን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ በታረሰው ሜዳ መካከል አቋርጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መልሼ አልሰጠሁትም።